ለባጃጅ የተጫነ አልበም

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ዕለት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት በዚያ ሰዓት ገና አልጋለችም፤ እጄ ላይ የያዝኩት የትምህርት ማስረጃ ግን በላብ ርሶ ነበር። የሬዲዮ ጣቢያው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከሽንኩርት መጋዘን ጀርባ ያለ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነው። በሩ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። በሦስተኛው የጣቢያው ኃላፊ ጋሽ መኮንን ራሳቸው ወጡ።

«አንቺ ልጅ፣ መንገድ ጠፍቶሽ ነው ወይስ ሥራ ፈልገሽ?»

«ሥራ» አልኩ።

«ጮክ በያ! ሬዲዮ ጣቢያ እኮ ነው።»

ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ተምሬ ከጨረስኩ በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ ቤት ተቀምጫለሁ። በዚያ ጊዜ የሠራሁት ነገር ቢኖር ሙዚቃ መስማት ነው፤ ኤሌክትሮኒክ፣ ሂፕ ሆፕ፣ ኢንዲ። የሰማሁትን ሁሉ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። ለማንም አላሳየሁም። ለጋሽ መኮንን ግን ደብተሩን አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ከመናገር መስጠት ይቀለኛል።

ቆመው ሦስት ገጽ አነበቡ። «ኢንዲ ምንድን ነው?»

«አሳታሚ ሳይኖራቸው ራሳቸው የሚያወጡት ሙዚቃ ነው።»

«አይዟችሁ የሚላቸው የለም ማለት ነው?»

«እ... አዎ፤ ብዙ ጊዜ።»

«እንደ እኛ ጣቢያ በይው በቃ» ብለው ሳቁ፤ ወንበርም አሳዩኝ።

የወንበሩ ማዕረግ «ተባባሪ አዘጋጅ» ይባላል። ከበላዬ አቅራቢዋ ሂሩት አለች፤ ከእሷ በላይ ጋሽ መኮንን። ከበታቼ ማንም የለም። ሥራዬ በየሳምንቱ አንድ አዲስ አልበም ሰምቼ አስተያየት መጻፍ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሂሩት ታነበዋለች፤ ከአልበሙም አንድ ዘፈን ይለቀቃል።

አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ፤ ስሜ እንዳይጠራ። ሂሩት «አድማጯ እንዲህ ትላለች» ብላ እንድታነብ ተስማማን። «ስሜ አይጠራ የሚል ሠራተኛ ገና ዛሬ አየሁ» አሉ ጋሽ መኮንን። «ሌላው ስሜ ተዘለለ ብሎ ነው የሚከሰኝ።»

አንድ አልበም ሦስት ጊዜ እሰማለሁ። የመጀመሪያው በጣቢያው ትልቅ ጆሮ ማዳመጫ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ለምሳ ሲወጣ ነው። በዚያ ሰዓት ክፍሉ ምድጃ ይሆናል። ቬንትሌተሩን ግን አጠፋዋለሁ፤ ጉርምርምታው ከዘፈኑ ወፍራም ድምፅ፣ ከቤዙ ጋር ይደባለቃል። በጀመርኩበት ሳምንት የቬንትሌተሩ ድምፅ የአልበሙ መግቢያ መስሎኝ «ድፍረት ያለበት አጀማመር» ብዬ ጽፌ ነበር። ከመነበቡ ሃያ ደቂቃ በፊት ደረስኩበት። ያ ድንጋጤ ከዚያ ወዲህ ሙሉ በሙሉ ለቆኝ አያውቅም።

ሁለተኛውን በስልኬ፣ ወደ ሮቢ ወንዝ ድልድይ እየሄድኩ እሰማለሁ። ሦስተኛውን በባጃጅ፤ የእኛ አድማጭ ሙዚቃ የሚሰማው እዚያ ነውና።

ከመስማቴ በፊት ደግሞ የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ እፈትሻለሁ። ግራ፣ ቀኝ፤ ግራ፣ ቀኝ።

«ትናንት ሠርቶ የለ እንዴ?» ትለኛለች ሂሩት።

«ትናንት ነዋ።»

«አንቺን ያገባ ሰው በየማታው በሩ መቆለፉን አሥር ጊዜ ሲያይ ይኖራል።»

ለእያንዳንዱ አልበም ራሴ ያዘጋጀሁት ቅጽ ነበረኝ። አራት መስመር አለው፦ ምት፣ ድምፅ፣ ግጥም፣ የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል። መጀመሪያ እሱን እሞላለሁ፤ ከዚያ ነው ጽሑፉን የምጽፈው።

መጀመሪያ የተነበበልኝ ስለ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ የሂፕ ሆፕ አልበም የጻፍኩት ነው። «ልጁ ፈጣን ነው፤ ቃል አያመልጠውም» አልኩ። «ከአሥሩ ዘፈኖች ዘጠኙን የጨረሰው ግን ስሙን በማይነግረን ሌላ ራፐር ላይ ሲዝት ነው። አራተኛው ዘፈን ላይ ብቻ፣ የታላቅ እህቱን ጫማ አድርጎ ትምህርት ቤት የሄደበትን ቀን ይነግረናል። እዚያ ላይ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ምቱም ይጠብቀዋል። አልበሙ መጀመር የነበረበት ከዚያ ነው።»

በማግስቱ ባጃጅ ውስጥ ሦስት ሆነን ከኋላ ተጨናንቀን ሳለ ሹፌሩ ስለ ፕሮግራሙ ማውራት ጀመረ። «ያቺ አድማጯ የምትባለው ሴትዮ ምንም ነገር አትወድም። ባሏ እንዴት ይችላት ይሆን?»

«ምናልባት አላገባችም» አልኩ፣ በቀጭን ድምፅ።

«እሱማ ግልጽ ነው!» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ የምወርድበት ሳይደርስ ወረድኩ።

የወደድኩትም አለ። ሦስት ሴቶች በጊታር የሠሩት ኢንዲ አልበም ደርሶኝ ነበር። ጊታሩ ዜማውን እየቀደመ ይሄዳል፤ ይህን ጻፍኩ። ነገር ግን ስድስተኛው ዘፈን ላይ አንዷ ስትሳሳት ሦስቱም ይስቃሉ፤ ሳቁንም ሳይቆርጡ ትተውታል። «ትልቅ ስቱዲዮ ቢሆን ይቆርጠው ነበር» አልኩ። «እኔ ለዚያ ሳቅ ስል አልበሙን እንደገና ሰምቼዋለሁ።» በዚያ ሳምንት አንዲት የማሾ ነጋዴ ጣቢያው ድረስ መጥታ «የሚስቁትን ዘፈን ድገሙልን» ማለቷን ሂሩት ነገረችኝ።

የጻፍኩት እስኪነበብ ያለው ጊዜ ነው የሚያስጨንቀኝ። ሂሩት ስታነብ ስቱዲዮ አልገባም። ኮሪደሩ ላይ፣ የውኃ ጄሪካኑ አጠገብ ቆሜ በበሩ ስንጥቅ እሰማለሁ። የማላውቀው ሰው ለወራት የደከመበትን ነገር እኔ በሦስት ቀን ሰምቼ ልፈርድበት ነው። ብሳሳትስ? እያልኩ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እስክታልቅ የጄሪካኑን ክዳን እከፍታለሁ፤ እዘጋለሁ።

አልበሞቹን የማገኘው ከጋሽ ሰይድ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ያለችው ጠባብ ሱቅ የእሳቸው ናት። ድሮ ካሴት ይገለብጡ ነበር፤ ቀጥሎ ሲዲ፤ አሁን ለባጃጅና ለአይሱዙ ሹፌሮች ዘፈን በፍላሽ ይጭናሉ። የጣቢያው ኔትወርክ ደካማ ስለሆነ አንድ አልበም ለማውረድ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ መሃል ላይም ይቋረጣል። ስለዚህ ፍላሼን ይዤ እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ። በሰጡኝ ቁጥር አንድ ነገር ይላሉ፦ «ለባጃጅ አስተካክዬዋለሁ።»

ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ ማለታቸው ይመስለኝ ነበር። ጠይቄያቸው አላውቅም። ሰው መጠየቅ ይከብደኛል።

«የሸማኔ ጉድጓድ» የተባለውን አልበም የሰጡኝም እንደዚያው ነው። የሠራው ኑረዲን የሚባል ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ከአሊዩ አምባ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው። አልበሙ ኤሌክትሮኒክ ነው፤ ከከተማችን እንዲህ ያለ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ጋሽ መኮንን በጣም ደስ አላቸው፤ ግን ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «የእኛ ልጅ ነው ብለሽ እንዳታሽሞነሙኚው። እንደ ሌላው ዳኚው።»

ገመዱን ፈተሽኩ፤ ግራ፣ ቀኝ። ቬንትሌተሩን አጠፋሁ። ሰማሁ።

ምቱ በደንብ የተሠራ ነው። ንጹሕ፣ የተለካ። ግን ሰው አይናገርበትም። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ለረጅም ጊዜ ምንም አይሰማም፤ ከዚያ አንድ ምት ይመጣል፤ እንደገና ዝም። ምቶቹ ለአንድ ሰው የሚመልሱ ይመስላሉ፤ የሚጠይቃቸው ግን የለም። ይህን ስሜት ደብተሬ ላይ በእርሳስ ጽፌው ነበር። ዛሬም አለ። እዚያ ላይ መቆም ነበረብኝ። ስሙ «የሸማኔ ጉድጓድ» ሆኖ ሳለ ሸማኔውስ የት ሄደ ብዬም መጠየቅ ነበረብኝ።

በስልክ ሰማሁት፤ ያው ነው። በባጃጅ ሰማሁት፤ ያው ነው። ቅጹ ላይ «ድምፅ» በሚለው መስመር «የለም» ብዬ ሞላሁ። ከዚያ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ይህ አልበም ሰው የለበትም። አዘጋጁ ማሽኑን አብርቶ፣ በሩን ዘግቶ የሄደ ይመስላል።»

ይህን ስጽፍ ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ዓረፍተ ነገሩ ወጣልኝ ብዬ ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ የተጨነቅኩት በሌላ ነገር ነው፦ የልጁ ስም በትክክል ተጽፎ እንደሆነ። ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ።

ቅዳሜ ሂሩት አነበበችው። «በሩን ዘግቶ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቴክኒሻኑ ሲስቅ ሰማሁ። ሰዓቱ ስላለቀ ዘፈኑ ሳይለቀቅ ቀረ። ከፕሮግራሙ በኋላ ለሂሩት ተደወለላት፤ አጎቷ ማጀቴ ከተማ አርፈዋል። ነጠላዋን አንስታ ወዲያው ወጣች።

አሥር ሰዓት ላይ አንድ ረጅም ልጅ በሩ ላይ ቆመ። «አድማጯ የምትባለዋን ፈልጌ ነበር።»

ጋሽ መኮንን ወደ እኔ አዩ። መደበቂያ አልነበረኝም። «እኔ ነኝ» አልኩ።

«ኑረዲን እባላለሁ። አልበሜን ሰምተሽዋል?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ሦስት ጊዜ!» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ቢያደርግ ይሻለኝ ነበር። «አባቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለበት። ሦስት ጊዜ ሙሉ አልሰማሽውም?»

የጆሮ ማዳመጫውን ከስልኩ ጋር ሰክቶ ሰጠኝ። ሦስተኛውን ዘፈን ከፈተ።

በቀኝ ጆሮዬ የማውቀው ዝምታ ነበር። በግራው የሽመና ዕቃው ቋ ቋ ይላል፤ መወርወሪያው ያልፋል፤ አንድ ሽማግሌ በለሆሳስ መንዙማ ይላሉ። ትንፋሽ ለመውሰድ ሲያቆሙ ከቀኝ ያ አንድ ምት ይመልሳል። እንደገና ይቀጥላሉ። የሚጠይቀው ሰው እዚያ ነበር።

«የእኔ ፋይል ላይ ይህ የለም» አልኩ።

«እንዴት አይኖርም?»

«አላውቅም። ግን የለም።»

ኑረዲን ተቀመጠ፤ ነገሩንም ነገረን። አባቱ ሸማኔ ነበሩ። በሕይወት ሳሉ ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው ሲሠሩ በስልክ ቀድቷቸዋል። ከሞቱ በኋላ እናቱን እትዬ ዘሃራን ድምፁን ልጠቀምበት ብሎ ሲለምናቸው ለብዙ ጊዜ እምቢ አሉ። በመጨረሻ ፈቀዱ፤ አንድ ቃል አስገብተውት። የአባቱ መንዙማ ከማሽን ጋር እንዳይቀላቀል።

«ለዚያ ነው አባቴን በግራ፣ ማሽኑን በቀኝ ያደረግኩት። በሰሚው ጭንቅላት ውስጥ ይገናኙ እንጂ እኔ አልቀላቀልኳቸውም።»

እናቱ በዚያ ቀን ሬዲዮናቸውን ወደ ጨርቅ ሱቃቸው ደጃፍ አውጥተው ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ ጠርተው ነበር። ሂሩት አንብባ ስትጨርስ ሱቁን ዘግተው ገቡ።

«አባትህን ከውስጡ አውጥተህ ጥለኸዋል አለችኝ። በስልኬ ላሰማት ከፈትኩት። ስልኩ አንድ ድምፅ ማጉያ ነው ያለው፤ ሁለቱን ቀላቅሎ አወጣው። ያኔ ጨርሶ ተናደደች። ጆሮሽ ውስጥ አድርገሽ ስሚው ብላት፣ ያንተን ገመድ ጆሮዬ ውስጥ አልከትም አለች።» ቀና አለ። «ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አልበሙን ካወጣሁበት ሁሉ ላጠፋው ቃል ገብቼላታለሁ። ቃሌን በልቻለሁ ብላ ታስባለች፤ ይህንኛውን አልበላም። አንቺን ለመስደብ አልመጣሁም። ሰምተሽው እንደሆነ ለማወቅ ነው።»

እሱ ከሄደ በኋላ ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉ። «እርማት እናነባለን። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ አንድ መስመር።»

«ነገ አራት ሰዓት ላይ ሊያጠፋው ነው።»

«ሰብለ፣ ጣቢያ በየቀኑ ይቅርታ ከጠየቀ ማን ያምነዋል?»

«ነገ ሦስት ሰዓት ላይ የእሁድ ፕሮግራም አለ።»

«የእሁዱ ቀጥታ ነው። ሂሩት ማጀቴ ናት። ማን ያነበዋል?»

መልሱ ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ወደ ጠረጴዛው አቀርቅሬ መለስኩ።

«እኔ።»

«ማን?»

«እኔ» አልኩ እንደገና፤ በዚህኛው የሽንኩርት መጋዘኑ ሠራተኞች ሳይሰሙኝ አይቀሩም።

«አምስት ደቂቃ» አሉ። «ከዘለልሽ አቋርጥሻለሁ።»

ከዚያ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ ለአንድ ሹፌር ዘፈን እየጫኑ ነበር። ሹፌሩ እስኪሄድ ጠብቄ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኩ። «ለባጃጅ አስተካክዬዋለሁ ሲሉ ምን ያደርጉታል?»

«ቀላል ነው» አሉና ኮምፒውተራቸውን ወደ እኔ አዞሩት። «ባጃጅ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው አንዱ ጎን ነው። ስለዚህ ቀኙን አነሳና ሁለቱም ቦታ ላይ እለጥፈዋለሁ።»

«ግራውስ?»

«ግራውን ምን ያደርጉታል? ዘፈን እኮ ሁለቱም ጎን ያው ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ስሠራ ጎደለብኝ ያለኝ ሰው የለም።»

«ይሄኛው ያው አይደለም፣ ጋሽ ሰይድ።»

ኑረዲን ከመሄዱ በፊት ስልኬ ላይ የላከልኝን ሙሉ ፋይል በጆሮ ማዳመጫ፣ ግራውን ብቻ፣ አሰማኋቸው። መጀመሪያ ፊታቸው አልተለወጠም። ከዚያ በቀስታ ቁጭ አሉ። «ሸማኔው ሙሔ ነው» አሉ። የታጠቁትን ሽርጥ በሁለት ጣት ያዙት። «ይህን የሠራልኝ እሱ ነው። አላህ ይርሐመው። እኔ ነኝ የቆረጥኩት?»

«አዎ። እኔም ነኝ ያልጠየቅኩት።»

«በሬዲዮ ስሜን ልትጠሪው ነው?»

ይህን ጥያቄ ስፈራው ነበር። ስማቸው ከተጠራ ስህተቱ ከእኔ ትከሻ ይወርዳል። ደግሞም እውነት ነው። ግን ጋሽ ሰይድ ለባጃጅ ነው ያስተካከሉት፤ ለባጃጅም ትክክል ነው። እሱን ወስጄ ስለ አልበም የፈረድኩበት እኔ ነኝ።

«አልጠራውም። ግን አንድ ነገር ይሥሩልኝ። ግራውን ብቻ ለይተው ይጫኑልኝ።»

ምክንያት ነበረኝ። የጣቢያችን ማሠራጫ እንደ ኑረዲን ስልክ ነው፤ ሁለቱን ጎን ቀላቅሎ ነው የሚልከው። ትክክለኛውን ፋይል ብለቅ እትዬ ዘሃራ የከለከሉትን ነገር በሬዲዮ ላደርገው ነው።

ጋሽ ሰይድ ለይተው ጫኑልኝ። ሦስት ጊዜ ከፍተው አሰሙኝ። እንደ እኔ ግራ፣ ቀኝ እያሉ ሲፈትሹ አየኋቸው።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የጣቢያውን ትልቅ ጆሮ ማዳመጫ በዕቃ መዝገብ ፈርሜ ይዤ ወጣሁ። እትዬ ዘሃራ የሱቃቸውን ደጃፍ እየጠረጉ ነበር። ኑረዲን ውስጥ ቆሟል። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው መጥረጊያውን አላስቀመጡም።

«አንቺ ነሽ ሰው የለበትም ያልሽው?»

«እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ፣ እትዬ። የሰማሁት የተቆረጠ ነበር።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ያመጣሻል?»

«እንዲሰሙት ነው። ይሄ ጆሮ ውስጥ አይገባም፤ ከላይ ነው የሚቀመጠው።»

ልጃቸውን አዩት። እሱ መሬት መሬቱን አየ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ተቀመጡ። ሻሻቸው ላይ ቀስ ብዬ አደረግኩላቸው። ግራና ቀኙን እንዳላቀያይር ሁለቴ አይቼ ሙሉውን አልበም ከስልኬ ከፈትኩ።

መጀመሪያ መንገዱን እያዩ ሰሙ። ከዚያ ቀኙን ከጆሯቸው ገፍተው አወረዱት። ግራውን በመዳፋቸው ጫን አድርገው ያዙ። የሚሄድ ባጃጅ ጥሩንባ ሲነፋ በእጃቸው ዝም በል አሉት፤ ሹፌሩ ያያቸው ይመስል። ዘፈኑ አለቀ። ሌላው ጀመረ። አላወረዱትም።

«እሱ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ክር ሲበጠስበት እንዲህ ነበር የሚያቆመው። ሱብሃነላህ።» ወደ ኑረዲን ዞሩ። «ማሽንህ ደግሞ በዚያ በኩል ነው?»

«በዚያ በኩል ነው፣ እማ። አልነካውም።»

ደስ ያለኝ ለአንድ አፍታ ነው። ወዲያው ማዳመጫውን አውልቀው መለሱልኝ። «እኔስ ሰማሁ። ጎረቤቴ የሰማው ግን ያንቺን ነው። የዘሃራ ልጅ አባቱን ጣለው ብለው ነው ያደሩት። እኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ ላስረዳ ነው?»

«ሦስት ሰዓት ላይ በሬዲዮ እናገራለሁ።»

«ያቺ የምታነበዋ ናት የምትናገረው?»

«አይደለችም። እኔ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ድምፅሽ እዚህ እንኳ በደንብ አይሰማም። እንግዲህ ሰምቼ ነው የምወስነው። እስከ አራት ሰዓት ልጄ ቃሉ ላይ ነው። ደግሞ ከዚያ ዳንኪራ ጋር አንድ ላይ እንዳታሰሙት!»

«ብቻውን ነው የምናሰማው።»

ስቱዲዮ ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር። ከኮሪደሩ ሲታይ ሰፊ ይመስለኝ ነበር፤ ሁለት ወንበር ነው የሚይዘው። ቴክኒሻኑ ማይክሮፎኑን ወደ አፌ አስጠግቶ «ወረቀቱን አታንኮሻኩሺ» አለኝ። ወረቀቱ ግን በራሱ ይንኮሻኮሽ ነበር፤ ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና በክርኔ ጫንኩት። ጋሽ መኮንን ከመስታወቱ ወዲያ ቆመዋል። ቀዩ መብራት በራ።

ከአፌ የወጣው መጀመሪያ አየር ብቻ ነው። ጋሽ መኮንን በመዳፋቸው ወደ ላይ፣ ከፍ በይ፣ ከፍ በይ አሉኝ።

«ሰብለ እባላለሁ» አልኩ። «አድማጯ እየተባልኩ የምጽፈው እኔ ነኝ። ትናንት ‹የሸማኔ ጉድጓድ› የሚለው አልበም ሰው የለበትም ብያለሁ። ስህተት ነው። የሰማሁት ግማሹን ብቻ ነው። ሙሉ መሆኑን ሳልጠይቅ ፈርጃለሁ። አልበሙ ላይ ሸማኔው አሉ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ልጃቸው ድምፃቸውን በግራ ለብቻው አስቀምጦታል፤ ምቱን በቀኝ። ምቱ አባቱ ትንፋሽ ሲወስዱ እየጠበቀ ነው የሚመልሰው። እስካሁን ከሰማኋቸው የኤሌክትሮኒክ አልበሞች ውስጥ ማሽን እንዲህ ሲታገሥ የሰማሁት በዚህ ብቻ ነው። ጣቢያችን ሁለቱን ጎን ለይቶ መላክ ስለማይችል አሁን የምትሰሙት ግራውን ብቻ ነው።»

ቴክኒሻኑ ለቀቀው። ቋ፣ ቋ፣ መወርወሪያው፣ ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ። አምስቱ ደቂቃ ሲሞላ ዘፈኑ መቋረጥ ነበረበት። ጋሽ መኮንን ሰዓታቸውን አዩ፤ እጃቸውን ግን አላነሱም። ዘፈኑ እስከ መጨረሻው ሄደ።

ኮሪደሩ ላይ፣ ጄሪካኑ አጠገብ ቆሜ አራት ሰዓትን ጠበቅኩ። ለአራት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን ስልኬ ጠራ። ኑረዲን ነው።

«ሬዲዮኑን እንደገና ደጅ አውጥታው ነበር» አለኝ። «ሲያልቅ፣ አጥፋው ብላኛለች።»

«አልበሙን?»

«ሬዲዮኑን! አልበሙን ተወው፣ ግን ያቺ ልጅ ትንሽ ጮክ ብላ ትናገር ብላለች።»

በዚያ ጠዋት ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። የአልበም ቅጼን አውጥቼ፣ ከአራቱ መስመሮች በላይ፣ ምት ከሚለው በፊት፣ አንድ መስመር በእስክሪብቶ ጨመርኩ፦ «ፋይሉ ከማን እጅ መጣ? ምን ተደርጎበታል?» ጆሮ ማዳመጫዬን በየቀኑ ስፈትሽ ኖሬ ይህን አንድም ቀን አልጠየቅኩም ነበር። ይህን ሥራ አዲስ ለሚጀምሩ የምነግረው ይህን ነው፦ ከመስማታችሁ በፊት ጠይቁ። ከዚያ ፍላሼን ይዤ የሚቀጥለውን አልበም ለመጠየቅ ወደ ጋሽ ሰይድ ሄድኩ።